የድድ ምሁር ሽማግሌ ሲልክ

በሽታም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ልቡን ያመመው ሰው ጠያቂ አያጣም፤ ብርቱካን በፌስታል ተንጠልጥሎ ይመጣለታል። ኩላሊቱን ያመመውም ቢሆን ይከበራል። ድዱን ያመመውን ግን ማን ይጠይቀዋል? “በጨው ተጉመጥመጥ” ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁት ይህንኑ ድድ ነው። ድድ ሲቆጣ ሴሎቹ መልእክት የሚላላኩባቸው ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ምን እንደሚሆኑ ጻፍኩ። በደርግ ጊዜ የውጭ ትምህርት ዕድል ሲመጣ በውጤት አንደኛው እኔ ነበርኩ። የኮሚቴው ሰዎች የጥናቴን ርዕስ አንብበው እስኪበቃቸው ሳቁና ዕድሉን ስለ ጉበት ለጻፈው ሰጡት። አልተቀየምኩም። የማስታውሰው የልጁን ስም፣ የኮቱን ቀለምና የተሳፈረበትን ቀን ብቻ ነው። ይኸው መንግሥት ተለውጦም እኔ መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለች ክሊኒክ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ አያለሁ።

ለማንኛውም የለቡ ሰፈሯን ልጅ ሌንሴን ወደድኳት፤ እሷም ወደደችኝ። የቀሩት አባቷ ነበሩ። አቶ ደገፋ አያቶቻቸው ባረሱት መሬት ላይ ዛሬም ጤፍ የሚዘሩ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ጋሽ ሙላቱን ሽማግሌ አድርጌ ላክኋቸው። አባትየው የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሙላቱ ሰገራ የሚለውን ቃል በሽምግልና መሐል ማንሣት አስጠላቸው። ኮራ ብለው፣ “ዕድሜውን የፈጀው ድድ ላይ ነው” ሲሉ መለሱ።

አሁን ይህ ይባላል? አቶ ደገፋ ደጃፍ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሥራ ፈት ጎረምሳ ተደርድሮ አላፊ አግዳሚውን ሲለክፍ የሚውልበት ቦታ አለ። እንደማንኛውም የሥራ ፈት መዋያ ስሙ ድድ ማስጫ ነው፤ ባጭሩ ድድ። “ልጄን ለድድ ማስጫ አልሰጥም” ብለው ሽማግሌዬን ሸኟቸው። ኮሚቴው እንኳ የሳቀው ርዕሱን ካነበበ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የሀና ማርያም እህል ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሌንሴ አስነገረችኝ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ሄድኩ፤ የጋሽ ሙላቱን አፍ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበራ። ስንገባ የአቶ ደገፋ ጉንጭ አብጦ በሻሽ ታስሯል። ድዳቸው ነበር። ደስ አለኝ ብል ኃጢአት ነው፤ ግን አለኝ።

የማጠናው ድድ በአፍ ውስጥ ያለው መሆኑን አስረድቼ፣ ዕድሜ ልኬን ሰሚ ያጣሁበትን ትምህርት ጀመርኩ። ጥርስ ሥር ቆሻሻ ሲከማች የድድ ሴሎች መልእክተኛ ይልካሉ አልኳቸው፤ ልክ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው። መልእክቱ የደረሰው የደም ወታደር ሁሉ ይጎርፋል። ቅላቱም እብጠቱም የእነሱ ግርግር ነው። የጥርስ ሐኪም ቆሻሻውን ካላነሣው መልእክተኛው መመላለሱን አያቆምም፤ ሊያድን የመጣው ሁሉ ቤቱን ማፍረስ ይጀምራል፤ ጥርሱ የተተከለበት አጥንት ሳይቀር ይበላል።

አቶ ደገፋ ሻሻቸውን ላላ አደረጉ።

“ታዲያ እነዚህ ሽማግሎች ጉዳያቸው ካላለቀ አይተዉም?”

“አይተዉም፣ አባባ።”

“እየተመላለሱ አጥንት ይበላሉ?”

“ይበላሉ።”

ደንበኛ ሽማግሌ ምላሽ ሳያገኝ የልጅቷን ቤት እህል አይቀምስም። ጋሽ ሙላቱ ግን እኛ ስንነጋገር ሳህኑን አቅፈው ጎድን ይግጣሉ። አቶ ደገፋ አሻግረው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው፤ ባለፈውም ምሳ ሳይበሉ እንዳልሄዱ ትዝ ያላቸው መሰለኝ። ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሡ።

“ውሰዷት” አሉ፤ “ሳይጨርሱኝ።”

ጋሽ ሙላቱ አጥንቱን ከአፋቸው ሳያወጡ አሜን አሉ።