ስህተት ያለበት ሞት ይሰረዛል

ወንድሜ ዘርይሁን ቀዶ ጥገና ክፍል ከገባ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ይህን ሕልም አየሁ።

አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ገዳዮች ተራ ይጠብቃሉ። ከዘርይሁን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት እየሄድን ያየናቸው የፊልም ገዳዮች ናቸው። ጭምብላቸውን አጥልቀው፣ ቢላዋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጨዋ ሆነው ተቀምጠዋል። መስኮቶቹ ጀርባ ያሉት ሠራተኞች ደግሞ ሟቾቹ ናቸው። አናቷ ላይ መጥረቢያ የተሰካባት ልጅ ማኅተም ይዛለች።

«መርማሪው መጣ፤ ተነሱ!» አለች።

መርማሪው እኔ ነበርኩ። ሕጉ ቀላል ነው፤ አገዳደሉ ላይ ስህተት ከተገኘ ሞቱ ይሰረዛል፣ ሟች ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔና ዘርይሁን በዚህ አንታማም። የፊልም ስህተት ጮክ ብለን እየለቀምን ሰው ስለምንበጠብጥ ስንት ጊዜ ከቪዲዮ ቤት ተባረናል።

የመጀመሪያው ገዳይ አንገቱ የታረደ ሰውዬ እየጎተተ ቀረበ።

«ስትገባ ቢላዋው በቀኝ እጅህ ነበር፤ ስታርደው በግራህ ሆነ» አልኩት።

«ጌታዬ፣ የዛሬን ብቻ ይለፉኝ። የልጆች አባት ነኝ።»

«ተሰርዟል!» ልጅቷ ማኅተሟን አሳረፈች። ሟቹ ተነስቶ ኮቱን አራገፈና የሳሪስ ታክሲ የት እንደሚያዝ ጠየቀኝ።

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት በቃሬዛ መጡ። ከቀሚሳቸው ስር ቀይ ቀለም የሚረጭ ቀጭን ጎማ ብቅ ብሏል።

«እማማ፣ ጎማው ይታያል።»

«ተመስገን! ወጥ ጥጄ ነው የወጣሁት» አሉና እየሮጡ ሄዱ።

ወዲያው አዳራሹ ቪዲዮ ቤት ሆነ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቆሎ እየቆረጠሙ እኛን ያያሉ። የመጨረሻው አልጋ ገባ። የሚገፋው ሰው የለም፤ ገዳይም የለውም። የተኛበት ዘርይሁን ነው።

«ፈልግ እንጂ!» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ምን ይገትርሃል?»

«እየፈለግኩ ነው።»

«የካሜራው ጥላስ?»

«የለም።»

«ደሙስ?»

ደሙን ነካሁት። ይሞቃል። ፈራሁ።

«ካልሲዬን እየዋ!»

አየሁት። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። «ካልሲው ተቀይሯል!» ብዬ ጮህኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ልጅቷ መዝገቧን ገለጠች። «ጠዋት ከቤት ሲወጣም እንዲሁ ነው ያደረገው።»

እውነቷን ነው። ዘርይሁን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዓይነት ካልሲ አድርጎ አያውቅም።

«እባክሽ ወደ ኋላ መልሽውና አንድ ጊዜ ልየው» አልኳት።

«አይመለስም» ብላ ማኅተሙን አነሳች።

ሰው ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ ነቃሁ። ጠዋት ሙሉ «እዚህ አትቀመጥ» እያለች ስትቆጣኝ ያረፈደችው ነርስ ናት። አሁን ግን አልተቆጣችም። አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ብቻህን ነህ ወንድሜ?»

«አዎ።»

«ከቤተሰብ ትልቅ ሰው ካለ ደውልለትና ይምጣ» አለችኝ። «እስኪመጣ እኔ አብሬህ እቆያለሁ።»