ዌብሳይቱ፣ ማውዙና የኔ ምላስ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይቺ ደግሞ ለላይክ ብላ ፈጠረችው" ትሉኛላችሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ነው። ብቻ አንብቡ!

አሁን ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሻዬ ቀዝቅዟል። ፊቴ ግን እስካሁን እንደጋለ ነው።

ለማታውቁኝ፦ ሥራዬ ለትልልቅ ተቋማት ዌብሳይት መሥራት ነው። ጁባ ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ። ያመጣኝ ጀበል አካባቢ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ኮሌጅ ነው። ሥራው ምን መሰላችሁ? ሲኤምኤስ መምረጥ!

ሲኤምኤስ ማለት ሠራተኞቹ ማስታወቂያውን፣ ፎቶውን፣ የተማሪውን ስም ዝርዝር ዌብሳይቱ ላይ የሚለጥፉበት ሲስተም ነው። የዌብሳይቱ ጓዳ በሉት። ጓዳው ካልተመቸ ሳሎኑ ቢያምር ዋጋ የለውም። (ይቺን ንግግር ዛሬ ስብሰባው ላይ ላደርጋት ነበር። ዕድሉን ማን ሰጥቶኝ!)

ኮሌጁ ካምፓሱ ብዙ፣ ትምህርት ክፍሉ ብዙ ነው። የድሮው ዌብሳይት ግን ከሞተ ቆይቷል። ተማሪ ማለፉን የሚያውቀው ጁባ ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ ነው። ያውም በዚያ ብልሽትሽት ባለ መንገድ!

እኔም ሲስተሞቹን አወዳደርኩ። ኤክሴሌን ብታዩት! ቀለም በቀለም! መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ። አንዱን "ሙሽራው" ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ዘናጭ ነው፣ ሁሉ ነገሩ ያበራል። ሌላውን "ሚኒባሱ" አልኩት፤ አያምርም፣ ግን ሁሉም ሰው ተሳፍሮበት ያውቃል፣ ያደርሳል።

ልቤ ሙሽራው ላይ ወደቀ።

ለምን? አምስት ሰው ሳያያት አንዲት ማስታወቂያ አትወጣበትማ! ጸሐፊዋ ትጽፋለች፣ የክፍሉ ኃላፊ ያያል፣ ዲኑ ያያል፣ ሬጅስትራሩ ያጸድቃል፣ ሕዝብ ግንኙነቱ ይለጥፋል። እኔ የአዲስ አበባ ቢሮ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ። ፊርማ ሲበዛ ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ?

አሁን ማማ ኛማልን ላስተዋውቃችሁ።

ማማ ኛማል የሬጅስትራር ቢሮ ጸሐፊ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት። በሩ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉት እሳቸው ስለሆኑ "ሲስተሙን በእሳቸው ሞክሪው" ተባልኩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በጁባ አረብኛ ያወራሉ፣ ከኔ ጋር በእንግሊዝኛ። "እዚህ ጋ ይጫኑ" እላለሁ። "ኦኬ" ይላሉ። ማውዙ ግን አንዴ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንዴ ከጠረጴዛው ሊወርድ ይደርሳል።

እኔስ ምን አደርጋለሁ?

እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ፣ አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛዬ ለሜሪ በቴሌግራም ቮይስ እልካለሁ። በአማርኛ። ጮክ ብዬ!

"ሜሪዬ፣ ይቺ ሴትዮ ትገድለኛለች! ማውዙን እኮ እንቁላል ይመስል ነው የምትይዘው! አንዲት ፋይል እስክትከፍት ፋሲካ ይደርሳል!"

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው ሳምንት "ማውዝና እንቁላል" ብዬ የለጠፍኩት ስለ እሳቸው ነው። ስቃችኋል! ብቻዬን እንዳታስኮንኑኝ።

ጁባ ላይ አማርኛ የኔና የሜሪ ሚስጥር መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሲስተሙን የሚያጸድቀው የኮሌጁ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሙሽራው ከጸደቀ ዌብሳይቱን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ካልጸደቀ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቦሌ። ሪፖርቴ ላይ "የሠራተኞች አቅም ዝቅተኛ ስለሆነ ረጅም ሥልጠና ያስፈልጋል" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የማንንም ስም አልጠራሁም። መጥራትም አያስፈልግም፤ የሞከርኩት በአንድ ሰው ብቻ ነው!

ሰብሳቢው ሪፖርቱን ዘጉና ማማ ኛማል ወደተቀመጡበት ጥግ ዞሩ። "ማማ፣ የምትሠሪበት አንቺ ነሽ። እስኪ አንድ ማስታወቂያ ለጥፊና እንይ" አሉ በእንግሊዝኛ።

"ማፊ ሙሽኪላ" አሉ ማማ ኛማል። ችግር የለም።

ተነሡ። ላፕቶፑ ጋ ደረሱ። ማውዙን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም! ከቦርሳቸው ስልክ አወጡ።

"በዚህ ይከፈታል?"

ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ አልሞከርኩትም።

ተከፈተ። ምን ዋጋ አለው፣ ቁልፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው "ለጥፍ" የሚለው የት እንዳለ እኔም አላየሁት። ከዚያ ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች።

"ሸበካ ማፊ?" አሉ ሰብሳቢው። ኔትወርክ የለም ወይ ማለታቸው ነው።

"ሸበካ ፊ" አሉ ማማ ኛማል፣ አለ እንጂ። ስልኩን ከፍ አድርገው አሳዩ። በዚያው ስልክ ላይ የዋትስአፕ መልእክት ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይላል!

እኔም በሆዴ የያዝኩት መስሎኝ በአፌ አመለጠኝ። "ወይኔ ጉዴ! ይቺ ሴትዮ ዛሬ ልታዋርደኝ ነው!"

ማማ ኛማል ከስልካቸው ቀና አላሉም።

"አላዋርድሽም፣ ልጄ። ማውዝ ስላልለመድኩ ነው እንጂ እንቁላል መስሎኝ አይደለም።"

በአማርኛ።

ጥርት ባለ አማርኛ!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። የጀበል መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። አልተሰነጠቀም።

"ምን አልሻት?" አሉ ሰብሳቢው።

እዚህ ጋ አልቆልኝ ነበር! አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩ ከነሻንጣዬ ወጥቻለሁ። ማማ ኛማል አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩና "ሥራዬን ሁሉ በስልክ እንደምሠራ እየነገርኳት ነው" አሉ። ሸፈኑልኝ። ሦስት ሳምንት የሰደብኳቸው ሴት ገመናዬን ሸፈኑልኝ!

ቀጥለው ለኮሚቴው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

የድሮውን ዌብሳይት ፓስወርድ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ለሠርግ ካምፓላ ሄደ። የአዲስ ተማሪዎች ዝርዝር እሱ ላፕቶፕ ውስጥ ቀረ። ማማ ኛማል ወረቀቱን በር ላይ ለጠፉ፣ ከጁባ ርቆ ቶሪት ከተማ ያለ ልጅ ግን ወረቀቱን በምን ዓይኑ ያየዋል? ቶሪት የነበረችው የእህታቸው ልጅ አልፋለች። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቶላት ጁባ ስትደርስ ምዝገባው ተዘግቷል። ዓመቱን ሙሉ የእሳቸው ቤት ቁጭ ብላ ጠበቀች። አሁንም የሚቀጥለውን ዝርዝር እየጠበቀች ነው።

"የዚያን ጊዜ አንድ ሰው ነበር" አሉና ወደኔ ዞሩ። "ያንቺው አምስት ሰው ነው። አንዱ መንገድ ቢሄድ ይቆማል?"

"ይቆማል" አልኩ።

ሙሽራው እዚያው ተቀበረ። ሰብሳቢው ግን አላባረሩኝም። "ከማማ ጋር ተቀመጪና ሰኞ ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ውጪ፣ ከኒም ዛፉ ሥር አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። "ይቅር ይበሉኝ! አማርኛ እንደሚችሉ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጋምቤላ ነው ያደግኩት፣ ጅማ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ቀን ልነግርሽ ነበር" አሉ። "አፌን ስከፍት ስለ እንቁላሉ ማውራት ጀመርሽ። ከዚያ በኋላማ እንዳላሳፍርሽ ዝም አልኩ።"

እንዳላሳፍርሽ! እኔን!

ዕንባዬ መጣ። ይህንን አይተው መሰለኝ፣ ጠጋ አሉኝና በሹክሹክታ "ስለ ሰብሳቢው ሆድ ለጓደኛሽ ያልሽው ግን ልክ ነው" አሉ።

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ ሚኒባሱን በስልካቸው ከፈትን። እኔ አንድ ነገር ላሳይ እጄን ስዘረጋ "ቆይ" አሉኝ። በአውራ ጣታቸው ጻፉ፣ ተጫኑ፣ ወጣ። የፈጀው ጊዜ እኔ ለሜሪ አንድ ቮይስ ከምልክበት ያነሰ ነው!

"የሚያጸድቅ ሰውስ አያስፈልግም?" አልኳቸው። (ፊርማ ወዳጅነቴ በአንድ ቀን አይለቀኝም!)

"አንድ ሰው ይኑር፣ አንድ ደግሞ ምትክ። ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ ይሁን።"

ይቺን በቀጥታ ኤክሴሉ ላይ ጻፍኳት። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ።

ለሙከራ የለጠፉትን ማስታወቂያ ያነበብኩት በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት፣ በእኛው ቋንቋ እንዲህ ማለት ነው፦ "ዝርዝሩ ወጥቷል። ስምሽን እዚሁ እይ። ለማየት ብለሽ ጁባ ድረስ አትልፊ።"

ሙከራ ነው፣ አውቃለሁ። ማጥፋት ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ።

"ማውዝና እንቁላል" የሚለውን ፖስት ግን አጥፍቻለሁ። ስክሪንሾት ያነሳችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፤ እናንተም አጥፉ!

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ኤክሴሌ ላይ "ስንት ቋንቋ ይችላል?" የሚል ጥያቄ ነበረ። ሲስተሞቹን አንድ በአንድ ጠይቄ ነጥብ ሰጥቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሴት ግን አልጠየቅኩም።

አሁን ቁጭ ብዬ እያሰብኩ ነው። የኮሌጁን ዘበኛ በየጠዋቱ ፈገግ ብዬ በአማርኛ "ዛሬም አንቀላፋህ፣ አንተ እንቅልፋም?" እለዋለሁ። እሱም ፈገግ ይላል። ሃይ ማላካል ሰፈር ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴትዮ አለች፣ እሷን ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። የቦዳቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂዎቹንማ ተዉት!

ይሄን ስጽፍ አስተናጋጁ መጣ። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ። ትናንት ስለ አረማመዱ ለሜሪ ቮይስ የላክሁት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ስኒውን አየና በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦

"ሻዩን ላሙቅልሽ፣ እህቴ?"

እስኪ ንገሩኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንት ሰው ነው እንዳላፍር ብሎ ዝም ያለኝ?