ጉዲቱን የት እንላካት?

እሑድ ነሐሴ 4 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ናዝሬት፣ በዕድራችን ዕቃ ቤት፣ በድንኳኑና በድስቶቹ መካከል።

የተገኙ፦ አቶ ወዬሳ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ዘርፉ (የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ)፣ አቶ ጂብሪል (የጭነት መኪና ሾፌር)፣ አቶ ፈዬራ (የቆቃ ዓሣ ነጋዴ፣ ባለጉዳይ)፣ ልጃቸው ጉዲቱ (ዘንድሮ ማትሪክ ያለፈች)፣ ሙሉአለም (ጸሐፊ) እና ሌሎች አባላት።

ለስብሰባው የለቅሶ ጡሩምባ ስለተነፋ፣ ሰው የሞተ የመሰላቸው አባላት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በመምጣታቸው ምልዓተ ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ተሟልቷል። ጉዳዩ የአቶ ፈዬራ ነው ሲባል ሁለት እናቶች በደጃቸው አልቅሰው ነው የመጡት። ከቀበሌ የመጡት ጓድ ነጋሳ የሟቹን ስም ሊመዘግቡ ነበር፤ ሟች ስለሌለ በታዛቢነት ተቀምጠዋል።

አጀንዳ 1፦ ጉዲቱ ነገ በምትሞላው ምርጫ የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ታስቀድም?

አቶ ፈዬራ ዕድሩ ዝናውንና የግቢውን ኑሮ መርምሮ እንዲወስንላቸው ጠይቀዋል።

ወ/ሮ ዘርፉ ስድስት ኪሎ ይሁን አሉ። ግቢውን ያውቁት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በሽንኩርት መኪና ሲያልፉ በሩን ሁለት ጊዜ እንዳዩትና ዝናውን ከበሩ ስፋት እንደገመቱ አስረድተዋል። አቶ ጂብሪል ለአለማያ ተከራክረው፣ በሐረር መንገድ ሲመላለሱ ከሲታ ተማሪ ዓይተው እንደማያውቁ ገልጸዋል። ወ/ሮ ዘርፉ "ኧረ ባክህ! ልጅቷ ልትማር ነው ልትደልብ?" ብለዋል። የአቶ ጂብሪል መልስ አይመዘገብም። አንድ አባል የአሥመራ ማኪያቶ ጥሩ ነው ሲሉ፣ የት እንደጠጡት ተጠይቀው ሰው እንደነገራቸው ገልጸዋል።

ጸሐፊው ልጅቷ ትጠየቅ ቢልም፣ በደንቡ ባለጉዳይ የሚናገረው ከለቀስተኛው በኋላ ስለሆነ ሐሳቡ ወድቋል። ጸሐፊው ቅር ብሎታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለቅሶ ቢደርስ ዕድሩ ድንኳኑን በአንድ ቀን አድርሶ ሊተክልበት የሚችለው ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንዲመረጥ፣ ማለትም ስድስት ኪሎ እንዲሆን በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ያጨበጨቡት አቶ ፈዬራ ብቻ ናቸው።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ።

ጉዲቱ ተነሥታ፣ አለማያ ሄዳ እርሻ መማር እንደምትፈልግ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ስትናገር መኖሯን፣ አባቷም ለዝና ደንታ እንደሌላቸው፣ የፈሩት ብቻቸውን ራት መብላት መሆኑን ገለጸች። አቶ ጂብሪል መኪናዬን ልይ ብለው ወጡ።

አቶ ፈዬራ "እውነቷን ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለ እሷ እህል አይወርድልኝም" ብለው አለቀሱ።

አባላቱ በየተራ ራት እንዲያበሏቸው ሐሳብ ቀረበ። ማክሰኞን ሦስት ሰው ስለፈለገና የጾም ቀኖቹን የሚወስድ ስለጠፋ ጠብ ተነሣ። በጠቡ መካከል አቶ ፈዬራ ልጃቸውን ትከሻዋን ይዘው "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሂጂ። እኔ እለምደዋለሁ" አሏት።

በመሆኑም ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ድንኳኑም፣ ስድስት ኪሎውም፣ የራት ተራውም፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ጉዲቱ የፈለገችውን ትሙላ። ስብሰባው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተበትኗል።

ሲወጡ አቶ ፈዬራ "ዛሬ ግን ራት አብረን ነን አይደል?" ብለው ጠይቀው፣ ጉዲቱ "አለሁ አባዬ" ማለቷ በሰብሳቢው ትእዛዝ ተመዝግቧል።