ዘጠኝ እርከን በዘጠኝ ሳምንት

ቤቱ ሲያፈስ ዘሎ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ሞልቷል። ይህ የችኩሎች ሥራ ነው። የሆሳዕናው የዕቅድ ባለሙያ አቶ ተክለ ሃይማኖት ግን ችኩል አልነበሩም። ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ሻይና ምሳ ባልተለየው አዳራሽ፣ «ዘላቂ ልማድን በጥቃቅን ለውጦች መገንባት» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ተመለሱ። የምስክር ወረቀቱን ሳሎን የሰቀለችላቸው ሚስታቸው ከበቡሽ ናት፤ ሚስማር መምታት ገና በዕቅዳቸው አልገባም ነበር።

የቤቱ ችግር ግልጽ ነው። ነፋስ አንድ ቆርቆሮ ገንጥሎ፣ ዝናቡ የሚወርደው በከበቡሽ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ሆኗል። ትምህርት ሲከፈት አርባ ዩኒፎርም ይጠበቅባታል፤ ዝገት የነካውን ደግሞ ማንም እናት አትረከባትም። ሳሎኑ ውስጥ ደረቅና ብርሃን ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በትልቁ መስኮት ሥር፣ የአቶ ተክለ ሃይማኖት ባለመደገፊያ ወንበር የተተከለበት። ይህ ለድርድር አይቀርብም። አባወራ ከመስኮቱ ተነሥቶ ጥግ ከያዘ ጎረቤት ምን ይላል?

«ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ ሚስማሩም አለ። ውጣና ምታው!» አለች ከበቡሽ።

«ከቤ፣ ትልቅ ለውጥ አይዘልቅም» አሉ በትዕግሥት። «ትንሽ ለውጥ ግን ሰው ሳያውቀው ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ዩኒፎርሙ ዋና ለመደ!»

አቶ ተክለ ሃይማኖት ይህን አስተያየት በግብዓትነት ወሰዱት።

ወደ ትግበራ ተገባ። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ይህ የአመለካከት ምዕራፍ ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት ከጎረቤታቸው ከባለሱቁ ከፈትሁዲን ባለዘጠኝ እርከን መሰላል ተዋሱ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ እርከን ጨምረው እየወጡ፣ ጥቂት ቆመው እየወረዱ፣ ውጤቱን በደብተር አሰፈሩ።

በአምስተኛው ሳምንት ፈትሁዲን መጣ።

«ጋሽ ተክሌ፣ መሰላሌን ፈልጌ ነበር።»

«ሦስተኛው እርከን ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ጣሪያው ላይ መቼ ሊደርሱ ነው?»

«ለመስቀል።»

«ወላሂ፣ ከላይ መደርደሪያ ዕቃ የማወርደው እኮ በእሱ ነው!»

«አንተም ዕቃውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረግህ ደርድር። ልማድ ይሆንልሃል።»

ፈትሁዲን ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ከበቡሽ ከስፌቷ ቀና ብላ ሁሉንም ሰምታለች፤ ግን ምንም አላለችም። ባለቤቷ ዝምታዋን «የግንዛቤ ለውጥ» ብለው መዘገቡት።

የዚህ ሁሉ ሪፖርት መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሰዉ ተደነቀ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሕዝቅኤል ሁለት ባልደረቦች አስከትለው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሞክሮ ሊቀስሙ መጡ። ሻይ ቀረበ። ሰማዩ ጠቁሯል። አቶ ተክለ ሃይማኖት ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራን እንግዶች! የጥቃቅን ለውጥ ምሥጢሩ አለመታወቁ ነው። ዛሬ ኢምንት፣ ነገ ኢምንት፤ ሰውዬው አንድ ቀን ሲነቃ ፈጽሞ ሌላ ቦታ ላይ ራሱን…»

ጠብ! መላጣቸው መሐል ላይ።

እንደ ጨዋ ተናጋሪ ሊቀጥሉ ሞከሩ። ዝናቡ ግን ጠብታውን ትቶ መንዠቅዠቅ ጀመረ። ቀና ቢሉ ያ ቀዳዳ በትክክል ከአናታቸው በላይ ነው። ወደ ትልቁ መስኮት ቢዞሩ ከበቡሽ በሥሩ ተቀምጣ ደረቅ መኪናዋን ትረግጣለች።

«ይህን ወንበር እዚህ ማን አመጣው?»

«ቀስ በቀስ ነዋ!» አለች መርገጧን ሳታቆም። «በቀን አንድ ስንዝር። አንተን ወደዚያ፣ መኪናዬን ወደዚህ። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ከቀዳዳው ሥር ሰቅዬው የነበረውን የውሃ መያዣ ሳፋ ያወረድሁት ግን ዛሬ ነው።»

«ድንቅ ነው!» አሉ አቶ ሕዝቅኤል ማስታወሻ እየያዙ። «እርስዎ ምንም አልታወቀዎትም?»

አቶ ተክለ ሃይማኖት አፈሩ። በእንግዳ ፊት መበስበሱስ ያልፋል፤ የቆጫቸው ሥልጠናውን ሳትወስድ ሚስታቸው ከእሳቸው በላይ የገባት መሆኑ ነው። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። መስቀልን ሊጠብቁ ይቅርና፣ ዝናቡ እንኳ ሳያባራ ዘጠኙን እርከን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሰባት ሚስማር ብቻ ነበር የሚፈልገው። እንግዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ማፍሰሱ ቆመ፤ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ የመጣው ፈትሁዲንም መሰላሉን በትከሻው ይዞ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል፣ ወደ ሱቁ ገሰገሰ።

አርባው ዩኒፎርም በጊዜው ደረሰ። ሪፖርቱም «ከዕቅድ በላይ ተፈጽሟል» ተብሎ ተዘጋ።

በሚቀጥለው ሰኞ አቶ ተክለ ሃይማኖት ከሥራ ሲመለሱ ወንበራቸው አንድ ነገር የሆነ መሰላቸው። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ለኩ። አንድ ስንዝር ወደ ኩሽናው በር ተጠግቷል፤ ከፋሲካ ጀምሮ ማጠፊያው ተነቅሎ ጭሱን ሁሉ ወደ ሳሎን ወደሚለቀው በር። ከበቡሽ ስፌቷን ቀጥላለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

አቶ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀመጡ ኮታቸውን አወለቁ።

«ከቤ፣ መዶሻው የት ነው?»