ቀፎ ደጅ የምትዞረው ንብ

ሰው መጠበቅ አይጠላም! አዎ፣ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ። ሰው የሚጠላው ባዶ ነገር እያየ መጠበቅን ነው። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ዘር ማንዘሩን ይራገማል። ፊት ለፊቱ ሁለት ፍየሎች ከተዋጉለት ግን፣ ተራው ሲደርስ እንኳ "ቆይ፣ እነዚህ ይለይላቸው" ይላል።

እኔ እንጀራ የምበላውም በዚሁ ነው። ሰቆጣ ተቀምጬ ዌብሳይት እሠራለሁ። ዌብሳይት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በኛ ኔትወርክ አብዛኛው ሰው የሚያየው ገጹን ሳይሆን፣ ገጹ እስኪከፈት የሚሽከረከረውን ነገር ነው፤ ሎዲንጉን። ሌላው አገር ክብ ነገር ያዞርና ዝም ይላል። እኔ ግን ደንበኛዬን አከብራለሁ፤ ለሆቴሉ የሚንተከተክ ድስት፣ ለባጃጅ ማኅበሩ የምትገለባበጥ ባጃጅ... (ባጃጇ ተቃውሞ ስለገጠማት ቀርታለች።) "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባል የለ? እንቁላሉስ ሄደ፤ የኛ ገጽ ነው ባለበት የቀረው!

ታዲያ ይህ ሰው፣ ማለቴ እኔ፣ ፍቅር ያዘኝ። ብርቄ ትባላለች፤ እዚሁ ሰቆጣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ አያ ሞላ ጽጽቃ አካባቢ ስመ ጥር ንብ አናቢ ናቸው። "አባቴ ሳይፈቅድማ አታስበው" አለችኝ። ምን ይደረጋል፣ ሽማግሌ ላክሁ፤ አጎቴን፣ የንስሐ አባቴን ቄሱንና ጎረቤቴን ሐጂን። እኔ መሄድ አልችልም፤ ሽማግሌ የላከ ሰው እዚያ ደጅ ድርሽ አይልም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ዋልሁ።

ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል።

"እሺ አሉ?"

"ኧረ ጠጃቸው!" አለ አጎቴ።

"ለእኔም ብርዝ አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ ነጭ ማር፣ ጥጥ የመሰለ!" አሉ ሐጂ።

"መልሱስ?"

"ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ" አሉ ቄሱ።

"እኔ ነኝ የመለስሁላቸው" አለ አጎቴ በኩራት። "ኮምፒውተር ላይ የሚዞር ነገር ይሠራል፤ እስኪከፈት ድረስ ሰው የሚያየው አልኋቸው። 'ምኑ እስኪከፈት?' አሉኝ። እኔ እንጃ፣ ሲከፈት አይቼ አላውቅም አልኋቸው።"

ጉድ በሉ! ይህ ነው እንግዲህ ጠበቃዬ! መልሱም "እንምከርበት፣ ተመለሱ" ሆነ።

ሥራዬን ካላሳየሁማ አበቃልኝ ብዬ፣ ለአያ ሞላ ማር የሚሆን ገጽ ሠራሁ። ሎዲንጉ ላይ ያለኝን ሁሉ አፈሰስሁ። ቀፎ፣ በቀፎው ዙሪያ ደግሞ የምትዞር ወርቅ የመሰለች ንብ። ክንፏ ይርገበገባል! አጎቴን በስልኩ እንዴት እንደሚከፍተው አሠልጥኜ ሰደድሁት።

ሲመለሱ አሁንም ፊታቸው በርቷል፤ ወሬው ግን ጥሩ አልነበረም።

"ንቧ አትገባም" አለ አጎቴ።

"የት?"

"ቀፎው ውስጥ ነዋ! አያ ሞላ ስልኩን ይዘው ጠበቁ፣ ጠበቁ... ትዞራለች እንጂ አትገባም። ንብ ደጅ ደጁን ዞራ ካልገባች ቀፎው ውስጥ ጉንዳን አለ አሉ። 'ይህ ልጅ የማሬን ስም ሊያጠፋ ነው?' ብለው በአማርኛ ጀምረው በኽምጣኛ ጨረሱት።"

"ሎዲንግ እኮ ነው! እንድትዞር ነው የተሠራችው!"

"እኔን ምን ትቆጣኛለህ? ንቧን ተቆጣት!"

አስገባኋት። ትበራለች፣ ትገባለች፤ ትዕይንቱ እንደገና ይጀምርና ሌላ ንብ ትገባለች። ሽማግሌዎቼ ሄዱ፣ ጠጡ፣ ተመለሱ።

"አሁንስ?"

"ሁሉም ይገባል፣ የሚወጣ የለም" አሉ ቄሱ አዝነው። "'ይህን ሁሉ ንብ አጉሮ አበባ ማን ይቅሰምልኝ? ንቤን ሰነፍ አደረጋት' ብለዋል።"

አያችሁ? ሎዲንግ አይቶ የሚናደድ ሰው የሚናደደው ስለዘገየበት ነው። አያ ሞላ ግን ለመዘግየቱ ደንታም የላቸውም፤ የንቧ ጠባይ ነው የከነከናቸው።

ዓይኔ ደም እስኪመስል ሠራሁ። ንቧ ትወጣለች፣ አደይ አበባ ላይ ታርፋለች፣ እግሯ ቢጫ ይሆናል፣ ትመለሳለች፣ ትገባለች። ብታዩዋት እናንተም ልጃችሁን ትድሩልኝ ነበር!

በዚህኛው ጉዞ አጎቴ ደስታው ሊያስለቅሰው ምንም አልቀረው። "ወደዷት! ጎረቤት ሁሉ ጠርተው አሳዩ። 'ይቺማ የኔው ናት' አሉ። ከዚያ ድንገት ኔትወርክ መጣና..."

"ገጹ ተከፈተ?!"

"ተከፈተ! ንቧ ጠፋች! የማር ፎቶ ብቻ ቀረ። 'መልሷት!' ብለው ቤቱን በጩኸት አቀለጡት። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ እግዜር ይስጠው፣ ኔትወርኩ ሄደልን።"

"መልሱስ?"

ሦስቱም ተያዩ። "ኧረ እሱን... ተመለሱ ብለዋል።"

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። የኔዎቹ ብርሌውን ይዘው ነገሩን ጣሉት! እኔም ምን ላድርግ... ንቧ ቶሎ እንዳትጠፋ ብዬ ገጹን ሆን ብዬ አዘገየሁት። የዓለም ባለሙያ ገጽ ለማፍጠን እንቅልፍ ያጣል፤ እኔ ለአማት ብዬ ሙያዬን አዋረድሁ።

ይህም አልፎ ሌላ "ተመለሱ" ሲመጣ አንጀቴ አረረ። መድኃኒት ቤት ሄጄ ብርቄ ላይ ፈነዳሁ። "አባትሽ ካልፈለጉኝ ቁርጤን ይንገሩኝ! ካንቺ ሌላ አላስብም፤ ግን እንዲህ ተንጠልጥዬ መኖር አልቻልሁም!"

ብርቄ በሳቅ ፈረሰች። "አባቴ እኮ መጀመሪያውኑ እሺ ብሏል። እናቴ ትናንት ነው የነገረችኝ።"

"ምን?!"

"'ሥራው ባይገባኝም ልጄ ከወደደችው ይሁን' ብሎ ነበር። ሽማግሌዎችህ ናቸው እጁን ይዘው 'በስመ አብ! እንዲህ በአንድ ጊዜማ ነውር ነው፤ ጋኑም ገና አልተነካ፤ ግድ የለም፣ ተመለሱ በሉን' ያሉት።"

ወገኖቼ፣ ምክሬን ስሙ፤ ሎዲንግ ከልክ በላይ አይጣፍጥ። ከጣፈጠ ገጹ እንዲከፈት የሚፈልግ ሰው አታገኙም።

ሦስቱንም ከሽምግልና አሰናበትኋቸው። ሰቆጣን ከዳር እስከ ዳር አስሼ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት ሐኪም ማርም ጠጅም የከለከላቸው አንድ ጨዋ አዛውንት አገኘሁ። እጃቸውን ስሜ "አባቴ፣ ሄደው እሺታውን ብቻ ይዘውልኝ ይምጡ" አልኋቸው።

"ግድ የለህም ልጄ፣ እኔ ማር የሚባል አልነካም" አሉኝ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "እኔ የሥጋ ሰው ነኝ። ለመሆኑ ሰውየው በግ ያረባሉ?"