ጊታሩን ብርድ እንዳይመታው

ብርድ የሚፈራ ሰው መቼም አጋጥሟችኋል። ለእንጨት ብርድ የሚፈራስ? እኔን ያጋጠመኝ ደሳለኝ ይባላል፤ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነው። አዲሱን ጊታሩን ይዞ ከወልድያ በአንድ ሚኒባስ ስንሳፈር እሱ በሸሚዝ ነበር፤ ጋቢውን የለበሰው ጊታሩ ነው።

«ከሙቀት ወደ ደጋ በአንዴ ሲወጣ ይሰነጠቃል» አለን፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

በሚኒባሱ ውስጥ የወረደውን ድንጋጤ ባያችሁ። በእኛ አገር መኪና ውስጥ ንፋስ የማይፈራ ሰው የት አለ? ከጎኑ የተቀመጡት እማማ ዘርፌ «እንኳን እንጨት፣ ሰውም ይገድላል ልጄ» ብለው መስኮቱን ሁሉ አስዘጉ። ወደ ኩልመስክ ከተማ ስንቃረብ ትንፋሽ ሲያጥረኝ የኔን መስኮት በጣት ስፋት ከፈት አደረግኩት።

«ማነው እሱ?» አሉ እማማ። ደሳለኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ደንግጬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ተመካክሮ፣ ጊታሩ እንዲሞቀው ብሎ ከሾፌሩ ጎን፣ የሚፋጀው የሞተር ክዳን ላይ አስተኛው። እማማ ነጠላቸውን ደረቡለት። እኔ መስኮት የከፈትኩ ሰው ምን አፍ ኖሮኝ ልቃወም?

ላሊበላ ደርሰን ጊታሩ ሲገለጥ ሙጫው ቀልጦ፣ ክሮቹን የሚይዘው እንጨት ተላቅቋል። ወደ ሞተሩ ልጠቁም ጣቴን ሳነሳ እማማ ቀደሙኝ።

«አላልኩም? ብርዱ በዚያች መስኮት ገብቶበት ነው።»

ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጣቴን አጠፍኩት።

አሁን በዚያ መንገድ ስሄድ፣ ማንም ሳያዘኝ መስኮቱን ሁሉ የምዘጋው እኔ ነኝ።