ሳንቲም ሰብሳቢ መግቢያ ይክፈል?

አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ መተማ አጠገብ ያለችው የኮኪት ከተማ ሰሊጥ አምራች ጋሼ ደመላሽ። ለአንድ ማርትሬዛ ሲሉ በግ ይሸጣሉ፤ መግቢያ ክፈሉ ሲባሉ ግን ይቆጣሉ።

ዘንድሮ ሰሊጡ ተራግፎ ካለቀ በኋላ፣ ከጎንደር የመጡ የአሮጌ ገንዘብ ነጋዴዎች መተማ ላይ አዳራሽ ተከራይተው ሳንቲሞቻቸውን ዘረጉ። መግቢያው ሃምሳ ብር ነበር። እኔ ከፍዬ ገባሁ፤ ጋሼ ደመላሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ማሽላ ልትገዛ ገበያ ስትገባ ትከፍላለህ?» አሉት በረኛውን።

«የአዳራሽ ኪራይ አለብን፣ ጋሼ።»

«እሱንማ ከሻጭ ተቀበሉ። እኔ ገዢ ነኝ።»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ «እውነታቸውን ነው» ማለት ጀመረ። እውነት ለመናገር፣ እኔም የከፈልሁት ሃምሳ ብር ቆጨኝ። ነገሩ ያሰጋው ዋናው ነጋዴ ወጣና «ሻጭ በነፃ ነው የሚገባ። ሳንቲም ካለዎት ጠረጴዛ እንስጥዎት» አላቸው። ጋሼም ከወገባቸው አንድ ቋጠሮ ፈትተው በክብር ተቀመጡ።

ችግሩ የመጣው ገዢ ሲመጣ ነው። ማርትሬዛዋን ሲጠይቋቸው «ይቺማ የእናቴ ጥሎሽ ናት» አሉ። የሱዳን ቂርሿን ሲጠይቋቸው፣ አባታቸው በግመል ስለተሻገሩት ወንዝ ተረኩ። ምንም አልሸጡም። ሰዉ ግን ሌላውን ጠረጴዛ ሁሉ ትቶ እሳቸውን ከበበ።

«ጋሼ፣ ካልሸጡ ለምን መጡ?» አላቸው ነጋዴው።

«ለማየት ነዋ። ሻጭ ያደረግኸኝ አንተ ነህ።»

ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቃተው። ወንበሩን ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠና፣ «እሺ፣ የእናትዎን ጥሎሽ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላቸው።